ከደርዘኑ የጎደለው ማንኪያ

ካምፓላ፣ ኪኩቦ ገበያ ውስጥ ዝናብ ሲመጣ ተሸካሚዎቹ እንኳ ይሮጣሉ። ጭነታቸውን አናታቸው ላይ እንደያዙ፣ መንገድ ልቀቁ እያሉ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፈው መተላለፊያ ይተራመሳሉ። የዚያን ቀን፣ ሚያዝያ 1998 መሆኑ ነው፣ እዚያ የተገኘሁት ለእህቴ ለቤርሳቤህ የልጅ ማጠቢያ ሳፋ ልገዛ ነበር። ስምንተኛ ወሯን ይዛ ከናጉሩ ቤቷ መውጣት ካቆመች ሰነባብታለች፤ ስለዚህ ሩጫው ሁሉ የእኔ ሆኗል። ዝናቡ ሲለቀው አጠገቤ ወዳገኘሁት ሱቅ ዘልዬ ገባሁ።

ሱቁ የማጀት ዕቃ በጅምላ የሚሸጥበት ነው። ሳፋ በሳፋ ላይ ተደራርቦ ጣሪያ ነክቷል። ፔርሙሱ፣ ትሪው፣ ጆጉ መተላለፊያ አሳጥቷል፤ ማንኪያው በደርዘን በደርዘን እየታሰረ ሽቦ ላይ ተንጠልጥሏል። ባለሱቁ ረዘም ያለ፣ ጸጉሩ ከፊት የሸሸ ሰው ነው። ግራ ትከሻው ላይ አንድ ሕፃን ተኝቷል።

"ግቢ፣ ኛቦ፣ ግቢ" አለኝ በሉጋንዳ፤ እመቤት እንደ ማለት ነው።

በእንግሊዝኛ ዋጋ ጠየቅኩት። በአንድ እጁ ሳፋ እያወረደ መለሰልኝ። ዋጋውን የሚነግረኝ እኔን እያየ አልነበረም። በየመሐሉ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ጆሮውን ሕፃኑ አፍንጫ ሥር ያደርግና ያዳምጣል፤ ከዚያ ወደ ክርክራችን ይመለሳል። ነገሩ ሲደጋገምብኝ ለራሴ ያልኩ መስሎኝ በአማርኛ፣ "ምነው፣ ልጁ ሚስጥር ይነግረዋል እንዴ?" አልኩ።

"ይነግረኛል" አለኝ በጠራ የአዲስ አበባ አማርኛ። "አሁን ለምሳሌ፣ ይቺ ሴትዮ ገንዘብ አላትና እንዳትቀንስላት እያለኝ ነው።"

እኔ እንዲህ ዓይነት ሰው ካገኘሁ ዝናቡ ቢያባራም አልወጣም። የጉለሌ ልጅ ነኝ፣ ሳፋው ልትወልድ ለደረሰች እህቴ ነው አልኩት፤ እሱ የሾላ ልጅ ሆነ። ስሙ ሀብተሚካኤል ነው። አንድ ሳፋ ደፍቶ በጨርቅ ጠረገና "ተቀመጪ" አለኝ፤ ከበሩ ማዶ ከሚጠብሰው ልጅ ሁለት ሮሌክስ አዘዘ። በቻፓቲው፣ በቂጣቸው፣ የተጠቀለለው እንቁላል ገና ይጨሳል። እየበላሁ ዓይኔን ሳንከራትት፣ ከገንዘብ መሳቢያው በላይ ለብቻዋ ምስማር ላይ የተንጠለጠለች አንዲት የማንኪያ እስር አየሁ። ክሯ ላልቷል።

"ያቺ ስንት ናት?"

"እሷ አትሸጥም፤ ጎደሎ ናት። አንዱ ማንኪያ አዲስ አበባ ነው፣ አንዱ እዚህ።" ከሸሚዙ ኪስ አንድ የሻይ ማንኪያ አወጣና አሳይቶኝ መለሰው። ቀጠል አድርጎ፣ ሰው ስለ አየሩ እንደሚጠይቅ ሁሉ፣ "አንቺ እንጥል አለሽ?" አለኝ።

"ምን?"

"እንጥል። ጉሮሮሽ ውስጥ የምትንጠለጠለው።"

"አለችኝ መሰለኝ።"

"የእኔ የለችም" አለና አፉን በሰፊው ከፈተልኝ። ሮሌክሴን እንደያዝኩ አንገቴን አስግጌ አየሁ። እውነትም የለችም። "በሕፃንነቴ ነው ያስቆረጡኝ። ሚስቴም የላትም። አማቴም የላቸውም። እኛ ቤት እንጥል ያለው አንድ ሰው ይሄ ነው" ብሎ ትከሻው ላይ የተኛውን ልጅ ጀርባ መታ መታ አደረገ። "እሷንም ይዞ የቀረው በጭንቅ ነው።"

ዝናቡ ቆርቆሮውን እያስጮኸ እሱ ማውራት ጀመረ፤ እኔም ወደ እሱ ጠጋ አልኩ።

ሀብተሚካኤል ከናይሮቢ ወደ ካምፓላ ሲሻገር የያዘው አንድ ቦርሳ ነበር። የመጀመሪያ ሥራው በዚሁ መተላለፊያ ውስጥ በጭንቅላት መሸከም ነው። ሲሸከም የየዕቃውን ዋጋ ለመደ፤ ዋጋ ሲለምድ መነገድ አማረው። ሸረፈዲን የሚባል ከሐረር የመጣ ነጋዴ ከሱቁ ጥግ ቆርሶ ሰጠው። ጥጓ እያደገች ሄዳ አሁን ሁለቱ ጎን ለጎን የየራሳቸው ሱቅ አላቸው። ገንዘቤ የምትባለውን ሚስቱን ካባላጋላ ሰፈር አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ስታበስል አገኛትና አገባት። ከዚያ ልጅ ጠበቁ። ዓመቱ እየተጨመረ ስድስት ሲሞላ፣ መጠበቃቸውን ለሰው መንገር ተዉ። ኅዳር 1997 ላይ ልጁ በኦፕሬሽን ተወለደ፤ አማን አሉት።

ለአራስ ጥየቃ የገንዘቤ እናት ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ከአዲስ አበባ መጡ። ሻንጣቸው ውስጥ ከልብስ ይልቅ በሶና አጃ ይበዛል። ለጋ ቅቤውን በጣሳ አሽገው፣ አውሮፕላን ላይ እግራቸው ሥር ይዘውት ነው የመጡት። በደረሱ ዕለት መስኮቱን ዘጉ፣ መጋረጃውን አወረዱ፣ ሕፃኑን ተቀበሉና ወዲያው ፊታቸው ተለወጠ።

"ይሄ ልጅ ለምን እንዲህ ያንኮራፋል?"

ያንኮራፋል ማለት እንኳ ያንሰዋል ይላል ሀብተሚካኤል። ሲተነፍስ ከአፍንጫው ቀጭን ፉጨት ይወጣል፤ ደረቱ ከጎድኑ ሥር ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ጡት ሲሰጡት በጉጉት ይይዛል፣ ሁለት ሦስቴ ይስባል፣ ከዚያ እንደ ታነቀ ሰው ይለቃል። ከንፈሩ ይጠቁራል። ጮኾ ሲያለቅስ መልሶ ይቀላል። እንደገና ይይዛል፣ እንደገና ይለቃል። ገንዘቤ ቁስሉም ትኩሳቱም አላላውስ ብሏት ከልጇ ጋር አብራ ታለቅሳለች። ሰፈር ውስጥ ያለ አንድ ክሊኒክ ወስደውት ነበር፤ ጉንፋን ነው ተብሎ ጠብታ ታዘዘለት።

"ምን ጉንፋን?" አሉ ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ። "እንጥሉ ነው። ወርዶ ጉሮሮውን ዘግቶበታል።"

"እማማ፣ ሐኪሙ አይቶታል እኮ።"

"ሐኪሙ የስንት ልጅ እናት ነው?"

ሀብተሚካኤል፣ እዚህ ላይ ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ አምኗቸው ነበር። ለምን አያምን? የሱ ተቆርጧል፣ አልሞተም። የሚያውቃቸው ሕፃናት ሁሉ ተቆርጦላቸዋል። ቆራጩም ሩቅ አልነበረም። በሐበሻው ዘንድ የታወቁ ጋሼ ዘገዬ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ፤ ሲጠሯቸው ይመጣሉ፣ ሲጨርሱ ምሳ በልተው ይሄዳሉ። የሚቀጥለው እሑድ ይምጡ ተባለ።

ነገሩን የለወጠችው ገንዘቤ ናት። አልጋው ላይ ጋደም ብላ፣ እናቷ ማጀት ሳሉ፣ እጁን ያዘችው።

"ሀብቴ፣ ልብ ብለህ አይተኸዋል? የሚጠቁረው ሲያለቅስ አይደለም። ዝም ሲል ነው።"

"እንዴት?"

"አፉን ሲከፍት ይቀላል። አፉን ሲገጥም ይጠቁራል። ጉሮሮው ቢዘጋ ኖሮ ለቅሶውስ በየት ይወጣ ነበር?"

ሱቁን ለሸረፈዲን ትቶ ከሰዓቱን ሁሉ ልጁን ሲያይ ዋለ። እንዳለችው ነው። "ሌላ ቤት ልጅ ዝም ሲል እፎይ ይባላል" አለኝ። "እኛ ቤት ዝም ሲል ሁላችንም ብድግ እንላለን።" ምን እንደሆነ አላወቀም፤ እሷም አላወቀችም። ነገር ግን እንጥል ነው የሚለው ልቡ ውስጥ ተነቃነቀ። ለአማቱ፣ "እሑድ ይቅርና ለሚቀጥለው ይሁን" አላቸው። ያኛው እሑድ ሲመጣም ሌላ ምክንያት ፈጠረ።

በዚህ መሐል ልጁ መብላት አለበት። ገንዘቤ ወተቷን በእጇ ወደ ኩባያ ታልባለች። ሀብተሚካኤል ከሱቁ አንድ ደርዘን ፈትቶ የሻይ ማንኪያ አመጣ። ልጁን ቀና አድርጎ ጭኑ ላይ ይይዝና አንድ ጠብታ ከንፈሩ ላይ ያደርጋል፤ ይጠብቃል። ልጁ ይውጣል፣ አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል፣ ሌላ ጠብታ ይከተላል። ቸኩሎ ሁለት ጠብታ ካደረገ ትንታ ነው። አንዲት ኩባያ ለመጨረስ ረፋዱ ያልቃል፤ እሷ ስታልቅ የሚቀጥለው መመገቢያ ሰዓት ደርሷል።

ይህ ኪኩቦ ውስጥ ተሰማ። ወንድ ልጅ የአራስ ቤት ተቀምጦ በማንኪያ ወተት ያንጠባጥባል ተባለ። ብቅ ሲል ሸረፈዲን ከሱቁ በር ላይ ሆኖ፣ "አራሱ ወጣ። ብርድ እንዳይመታህ ተከናነብ እንጂ" ይለዋል።

"ገንፎ ልከህልኝ ነበር?"

"ረምዚያ ልታገነፋልህ ነው" ይላል ሸረፈዲን፤ ረምዚያ ሚስቱ ናት። "ቅቤው ይብዛ ወይስ ቃሪያው?"

"ሁለቱም ይብዛ። ወተት የሚያወርደው እሱ ነው።"

ያሹፍበት እንጂ ሱቁን የጠበቀለት፣ ደንበኛውን ሳይነካ ሽያጩን ያስረከበው ይኸው ሸረፈዲን ነው።

ማንኪያው ግን አልበቃም። ልጁ ሚዛን ላይ ሲወጣ ከተወለደበት ቀን ያነሰ ሆኖ ተገኘ። እጁ ቀጠነ፤ የጭኑ ቆዳ ተሸበሸበ። ለአፍታ እንቅልፍ ይወስደዋል፣ አፉ ይገጠማል፣ ታፍኖ ይነቃል። አንድ ቀን ሀብተሚካኤል ከሱቅ ሲመለስ አማቱ ልጁን አንጋለው፣ ሞቅ ያደረጉትን ቅቤ በጣታቸው ወደ አፍንጫው ሲያንጠባጥቡ አገኛቸው።

"እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"አፍንጫውን ላለሰልስለት ነው። አንተም እናትህ እንዲሁ አድርጋልሃለች።"

የዚያን ቀን ማምሻውን ፉጨቱ ጠፋ። ከዚያ በፊት የሚጠሏት ያቺ ቀጭን ፉጨት አንዲት የቀረች መንገድ ነበረች ለካ። ልጁ ከዚያ በኋላ የሚተነፍሰው አፉን ከከፈተ ብቻ ሆነ። ሦስቱም በተራ አገጩን በጣታቸው ወደ ታች ይዘው አደሩ። ሲነጋ እሑድ ነበር። ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ማንንም ሳይጠይቁ ጋሼ ዘገዬን አስጠርተው ነበርና፣ ሽማግሌው ነጠላቸውን እንዳጣፉ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ መጡ። ዕቃቸው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል።

ሀብተሚካኤል ልጁን አቅፎ ቆመ።

"ጋሼ ዘገዬ፣ መጀመሪያ ይዩልኝ። ረዝሞ ካገኙት ይቁረጡ፣ እጁን እኔ እይዛለሁ። ካልረዘመ ግን አይነካም።"

ሽማግሌው ባትሪ አብርተው የልጁን ምላስ በጣታቸው ጫን አድርገው አዩ። ቆይተው ባትሪውን አጠፉ።

"ደህና ነው። የደንቡን ያህል ነው።"

"አልረዘመም?"

"አልረዘመም። ግን መጣሁ አይደል? ብንቆርጠው ለወደፊቱ ይጠቅመዋል።"

"አይሆንም" አለ ሀብተሚካኤል።

ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ከመቀመጫቸው ተነሱ። እስከዚያች ቀን ድምፃቸውን ከፍ አድርገውበት አያውቁም ነበር። "ስድስት ዓመት የጠበቀችውን ልጅ በእልህህ ልታስቀብራት ነው? ቢሞት በማን ነው? ንገረኝ፣ በማን ነው?"

"በእኔ ነው፣ እማማ። በእኔ ይሁን።"

"በሁለታችን" አለች ገንዘቤ ከአልጋው። ትናገራለች ብሎ የጠበቀ አልነበረም። ጋሼ ዘገዬ ጨርቃቸውን መልሰው ጠቀለሉ።

ሀብተሚካኤል ልጁን በጋቢ ሸፈነ። መንገድ ላይ ይርበዋል ብሎ የታለበውን ወተት በትንሽ ፔርሙስ፣ ማንኪያውን በሸሚዙ ኪስ ያዘ። ወደ ታወቀ ትልቅ ሆስፒታል ለመሄድ ወስኗል። ሸረፈዲን አሮጌ ፒክአፑን አስነስቶ በር ላይ ይጠብቃል። ሊነሱ ሲሉ ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ጃንጥላቸውን ይዘው መጡና ማንንም ሳያዩ ከፊት ገቡ።

"እማማ፣ እርስዎ ይረፉ እንጂ።"

"ያለ እኔ የት ልትወስደው?" አሉት። መንገዱን ሁሉ ሌላ ቃል አልተናገሩም።

ሆስፒታሉ በሰው ተሞልቷል። አግዳሚው ላይ ተራ ሲጠብቁ ልጁ ራበው፤ ሀብተሚካኤልም እንደለመደው ጠብታ በጠብታ ማጉረስ ጀመረ። አንዲት ነርስ፣ በዕድሜ ጠና ያለች ኡጋንዳዊት፣ ፋይል ይዛ ስታልፍ አይታው ቆመች። ትንሽ አለፍ ብላ ተመለሰች።

"ጡት ለምን አይጠባም?"

"ሲጠባ ይታፈናል፣ ሲስተር። ሲያለቅስ ግን ደህና ነው።"

ይህን ስትሰማ ፋይሏን አግዳሚው ላይ አስቀመጠችና ማንኪያውን ከእጁ ወሰደች። ከቧንቧው ሥር ይዛ አቀዘቀዘችው፣ በጋውኗ ጫፍ አደረቀችው። ልጁ ዝም ባለበት ቅጽበት ግራ አፍንጫው ሥር አደረገችው። ማንኪያው እንደጠራ ቀረ። በቀኙ ሞከረች። እንደዚያው ጠራ፤ ቆይቶ ግን የምስር ፍሬ የምታህል ነጥብ ደመነችበት፣ ወዲያው ጠፋች። ከዚያ የተከፈተው አፉ ሥር አደረገችው፤ ማንኪያው መላው በእንፋሎት ደበዘዘ።

ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ መነጽራቸውን አውጥተው ጎንበስ ብለው ነበር። እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ማንኪያውን ለመረዳት ግን አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። "አሁንም አድርጊው በላት" አሉት። አደረገችው። ያው ነው። ቀና ብለው መነጽራቸውን አወለቁ።

ከዚያ በኋላ ተራ አልጠበቁም። ሐኪሙ ቀጭን ለስላሳ ቱቦ በአፍንጫው ሊያሳልፍ ሞከረ፤ ትንሽ እንደገባ አልሄድ አለ። በራጅ ፊልም ታየ። የአፍንጫው መጨረሻ፣ ወደ ጉሮሮ የሚከፈተው በር፣ በግራ በኩል ሲፈጠር ጀምሮ በአጥንት የተዘጋ ነው። በቀኝ በኩል ቀዳዳ አለ ለማለት ያህል ብቻ ነው፤ እሱንም እብጠቱ እየዘጋው ነበር።

ሐኪሙ ያስረዳውን ሀብተሚካኤል እስካሁን በቃሉ ይዞታል። አዲስ የተወለደ ልጅ የሚተነፍሰው በአፍንጫው ነው። ጡት እየጠባ አብሮ እንዲተነፍስ ሆኖ ነው የተፈጠረው። በአፍ መተንፈስን ለብዙ ሳምንት አያውቅበትም፤ ለቅሶ ካልከፈተለት በቀር አፉን ገጥሞ ይታፈናል። "የሚያገኛትን ወተት ሥጋ አያደርጋትም፤ ለትንፋሹ ይከፍላታል" አለው። "አንተ ዳገት እየሮጥክ ምሳ ብትበላ ምን ትሆናለህ? እሱ ቀኑን ሙሉ እዚያ ዳገት ላይ ነው።" እንቅልፉም እየተቆራረጠ ነው፤ ልጅ ደግሞ የሚያድገው ሲተኛ ነው። እንዲህ ከቀጠለ አየር ሲያጥረው ልቡም አእምሮውም ይጎዳል፣ መቀመጡም መናገሩም ይዘገያል። አፉን ከፍቶ የኖረ ልጅ ላንቃውና ጥርሱ እንኳ አበቃቀሉ ሌላ ይሆናል።

"ይድናል ወይ?" ብሎ ጠየቀው።

"በኦፕሬሽን ይከፈታል። አሁን ግን ለማደንዘዣው አቅም የለውም። መጀመሪያ ኪሎ ይጨምር።"

አፉ እንዳይገጠም አጭር ቱቦ አፉ ውስጥ አድርገው ጉንጩ ላይ አሰሩለት። የእናቱ ወተት ደግሞ በሌላ ቀጭን ቱቦ በአፉ ወደ ሆዱ ይወርዳል። ይህን ቤተሰቡ እንዲለምድ ተነገረ።

ኮሪደሩ ላይ ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ የሀብተሚካኤልን ክንድ ያዙ።

"ቅቤው ነው የዘጋው?"

"አይደለም፣ እማማ። ሲወለድ ጀምሮ ነው።"

"ሙሉውን ንገረኝ።"

"የቀረችውን ቀዳዳ ሳያጠብባት አልቀረም" አላቸው። "ወደ ሳንባውም ወርዶ ቢሆን ክፉ ነበር ብሏል ሐኪሙ።"

እሳቸው የነጠላቸውን ጫፍ ወገባቸው ላይ አሰሩና፣ "እንግዲህ ይሄን ቱቦ ማን ነው የሚያስተምረኝ?" አሉ።

እጃቸው ከሁሉም የተሻለ ሆነ። የሀብተሚካኤል እጅ ይቸኩላል፤ የገንዘቤ ይፈራል። እሳቸው ወተቱን ከፍ አድርገው ይዘው ሲያወርዱ ነርሶቹ ሌሎች እናቶችን እያመጡ ያሳዩ ነበር። ሚዛኑ በየጠዋቱ ነው። አንዳንድ ቀን ቆሞ ይቀራል፣ አንዳንድ ቀን ይነሳል። ሀብተሚካኤል ከሱቁ ሆኖ ስልክ ይጠብቃል፤ ሸረፈዲን ደግሞ፣ "ዛሬስ ገበያው ወጣ ወይስ ወረደ?" ይለዋል። ሲወጣ ሻይ የሚጋብዘው ሸረፈዲን ነው።

ኦፕሬሽኑ በተደረገ ዕለት ልጁ ሁለት አጫጭር ቱቦዎች አፍንጫው ላይ ተሰፍተውለት ወጣ። ቀዳዳው መልሶ እንዳይገጥም ለሳምንታት እዚያው መቆየት ነበረባቸው። ቱቦዎቹ በንፍጥ ከተደፈኑ ያው መታፈን ነውና፣ በየሰዓቱ በጨው ውኃ እያራሱ በመምጠጫ ማጽዳት የቤት ሥራ ሆነ። ሸረፈዲን ሊጠይቅ ሲመጣ ልጁን አየና፣ "ሁለት አፈሙዝ ይዟል። ማን ላይ ሊተኩስ ነው?" አለ።

"መጀመሪያ አንተ ላይ ነው" አሉት ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ። ገንዘቤ ከወለደች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ሳቀች፤ የተሰፋ ሆዷን ይዛ።

ቱቦዎቹ በወጡ ቀን ምን እንደሆነ ሲነግረኝ ሀብተሚካኤል ራሱ መሳቅ ጀመረ። ልጁን ቤት ወስደው አጠቡት፣ ጡት ሰጡት፤ ያለ ማቋረጥ ጠብቶ እዚያው ጡቷ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። አፉ ገጠመ። ምንም ድምፅ የለም። ሦስቱም አልጋው ዙሪያ ቆሙ። የልጁን ዝምታ አልለመዱትም። ገንዘቤ ነካ አደረገችው፣ ሀብተሚካኤል እግሩን ጎተተው፤ ልጁ ነቅቶ ጮኸባቸው። ሦስት ጊዜ እንዲህ ቀሰቀሱት። በመጨረሻ ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ፣ "ተዉት እስቲ" ብለው ማንኪያውን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነክረው አደረቁና አፍንጫው ሥር ያዙት። በግራም ደመነ፣ በቀኝም ደመነ። ማንኪያውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው ብዙ አዩት። ከዚያ መጋረጃውን ገለጡት፣ መስኮቱንም ከፈቱት።

አዲስ አበባ ሲመለሱ ማንኪያውን ይዘውት ሄዱ። አሁን በስልክ ሲያገኛቸው ሰፈሩ ውስጥ የተወለደ ልጅ ሁሉ በማንኪያው ማለፉን ይነግሩታል።

"ሰሞኑን ሦስት አየሁ፤ ሦስቱም ደህና ናቸው።"

"ደህና ከሆኑ፣ እማማ፣ ምን ያደክምዎታል?"

"ደህና መሆናቸውን ሳላይ በምን ላውቅ?"

ጋሼ ዘገዬም አልተቀየሙም። ቤተ ክርስቲያን ሲገናኙ፣ "ያ እንጥል እንዴት ሰነበተ?" ይላሉ። "አለ፣ ጋሼ" ይላል ሀብተሚካኤል፣ "ሰላም ይልዎታል።"

ይህን ሲያወራኝ አማን ነቃ። አባቱ ወለሉ ላይ አወረደው። ዓመት ከአምስት ወሩ ነው፤ ግን አይሄድም። ዘግይቶ ነው የተቀመጠው፣ ዘግይቶ ነው የዳኸው። በመሐሉ ቀዳዳው መልሶ ጠብቦ አንዴ ደግመው አስፍተውለታል። ሐኪሙ ያጣውን ወራት ቀስ እያለ ይመልሳል ብሏል። ሀብተሚካኤል ይህን ቃል ቆሞ አይጠብቀውም። በየቀኑ ሱቅ ያመጣዋል። እንዲቆም ብሎ ሳፋዎቹን በደረጃ፣ ከአጭር ወደ ረጅም ደርድሮለታል። አማንም እኔን ትኩር ብሎ እያየ የመጀመሪያውን ሳፋ ያዘ፤ ተሳበ፣ ተንገዳገደ፣ ቆመ። ከንፈሩ ግጥም ብሏል። አፍንጫው ትሰፋለች፣ ትጠባለች። አንድ ትሪ በመዳፉ መታና ድምፁን ወደደው።

"ዛሬ ወደ ሁለተኛው ሳፋ ይሻገራል" አለ አባቱ። "ትናንት ደርሶ ተመልሷል።"

"ባይሻገርስ?"

"ነገ ሱቅ አለን።"

ዝናቡ ጋብ ብሎ ተሸካሚዎቹ ጩኸታቸውን ጀምረዋል። ሳፋዬን በገመድ አሰረልኝ። ልወጣ ስል፣ "እህትሽ መቼ ነው የምትወልደው?" አለኝ።

"ግንቦት ማለቂያ ላይ። እናታችን ልትመጣላት ነው፣ ከአዲስ አበባ።"

"ቅቤ ይዘው?"

"ቅቤ ይዛ።"

ሳቀና የስልኩን ቁጥር ነገረኝ፤ በትክክል መያዜን ለማረጋገጥ ደግሜ እንድነግረው አደረገ። ልጁ ከኋላው ከሳፋ ወደ ሳፋ እጁን ይዘረጋል። ሀብተሚካኤል የሸሚዙን ኪስ ዳበስ አደረገ።

"ሲወለድ ደውይልኝ" አለኝ። "ማንኪያዬን ይዤ እመጣለሁ። እናንተ ቀዝቃዛ ውኃ ብቻ እንዳይጠፋባችሁ።"